የጋሽ በዛብህ ኦርጋን

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ አልዘጋ ያለው ወንበር ላይ። ዝናቡ ትከሻዬን ያርሰኛል። ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ አንድ ዘፈን ከፈተ። ገና ዘፋኙ ሳይጀምር፣ ኦርጋኑ ብቻ ሲንደረደር፣ ክው አልኩ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዘለል ብሎ ማዶ አረፈ። ያንን ዝላይ አውቀዋለሁ።

«ጓሮ ባንድ ናቸው፤ ስንት ዓመት ጠፍተው ተመለሱ እኮ!» አለ ሾፌሩ ለሁላችንም። «ኦርጋኑን የምትጫወተው ምስራቅ የምትባል የዚሁ አገር ልጅ ናት። እጇ ይባረክ!»

እጇ ይባረክ! ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

ጓሮ ባንድ ስሙን ያገኘው ከጎረቤታችን ከጋሽ በዛብህ ጓሮ ነው። ልጅ ሳለሁ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አጥር ለአጥር ነበርን። ጋሽ በዛብህ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጣቶቹ በመርፌ የተወጋጉ፣ ከሸሚዙ ላይ ክር የማይጠፋ፣ ሲስቅ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ከሰዓት በኋላ መቀሱን ያስቀምጥና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሙዙ ሥር ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ዘፋኝ። እሱ ኦርጋን። ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የምትበላ ትንሽ ጥቁር ኦርጋን ነበረችው። ድንጋዩ ሲደክምበት ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ይዘራበታል።

ባንዱም እንደ አገሩ ነበር። ቡና ሲቀላ ይበተናሉ፤ ሁሉም ለቀማ ይወርዳል። ለቀማው ሲያልቅ ቡናው ሥር የፈጠሩትን አዲስ ዘፈን ይዘው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ያንን ቀን ይጠብቀዋል፤ እኛ ልጆች አጥሩ ላይ እንንጠለጠላለን።

ከአጥሩ አውርዶ አጠገቡ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። «ነይ እስቲ አስቱ፣ ጣትሽ ረጅም ነው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የማሽን ዘይት የሚሸት እጁን እጄ ላይ እየጫነ አስተማረኝ። ከጎኑ ያለው የቀርከሃ በርጩማ የኔ ነበር።

ከዚያ ምስራቅ ከማሻ መጣች። የእህቱ ልጅ ናት፤ እሱ ጋ ሆና ልትማር ነው። ዕድሜያችን እኩል ነው። በመጣች በሳምንቷ እኔ ሁለት ወር የፈጀብኝን ዜማ አንዴ ሰምታ ተጫወተችው። ጋሽ በዛብህ በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቁ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለኔ እንደዚያ ስቆልኝ አያውቅም። «አስቱዬ፣ እስቲ ለእህትሽ ልቀቂላት» አለኝ። እህትሽ! ተነሣሁላት። ምን ልዋሽ፣ ቀናሁባት።

በዚያ ዓመት ለቀማ ሲወርድ ምስራቅንም ይዟት ሄደ፤ ኦርጋኗን እናቴ ዘንድ አስቀመጠ። «እትዬ ትርንጎ፣ አደራ፣ እርጥበት እንዳይነካት።» የኛ አገር እርጥበት አይጣል ነው፤ ጥግ ላይ የተረሳ ጫማ በሳምንቱ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ የዘር በቆሎው፣ የአባቴ ቀበቶ፣ ደብተራችን ሳይቀር፣ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ይወጣል። እማዬ «የት ላድርጋት?» ስትል «ቆጡ ላይ ነዋ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ ተንጠራርቼ፣ ልክ ከእሳቱ አናት አስቀመጥኳት።

ፕላስቲክ እሳት እንደማይወድ አውቅ ነበር። የእማዬ ቢጫ ጆግ እዚያው ቆጥ ላይ ሰንብቶ አፉ ሲንጋደድ ያወረድኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ቡናው አልቆ ሲመለሱ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተሰቅለው ይጠብቃሉ። ጋሽ በዛብህ ኩሽናችን በር ላይ ቆሞ ኦርጋኗን ከጆንያው አወጣት። ሦስት ቁልፎች ቀልጠው ተጣብቀዋል። ቢነካቸው ድምፅ የለም። እማዬ ልትመታኝ እጇን አነሣች። እሱ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠማማ ጆግ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ይተዉአት እትዬ፣ ከሻጋታ ላድናት ብላ ነው» አለ።

ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ ዘፈን አልተሰማም። ጊታር የሚጫወተው ሆቴል ተቀጠረ፤ ከበሮ መቺው ጌጫ ሄዶ አግብቶ ቀረ። ባንዱ እንደተበተነ ስንት ዓመት ቆየ። ምስራቅ ግን የተቃጠለችውን ኦርጋን አልለቀቀችም። ከአጥሩ ማዶ እሰማታለሁ፤ የሞቱት ቁልፎች ጋ ስትደርስ ጋሽ በዛብህ «ዝለያቸው፣ ዝለያቸው!» ይላታል። እኔንም ስንት ጊዜ በአጥሩ ጠራኝ። በየትኛው ዓይኔ! ኩሽና ቁጭ ብዬ እሷ የምትጫወተውን ጉልበቴ ላይ በጣቴ እከተላለሁ፤ እኔም እየዘለልኩ።

ጋሽ በዛብህ ከዚያ የሚኒባስ ጉዞ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዐረፈ። ለቅሶው ላይ ምስራቅ እንደ ልጁ ከፊት ሆና አለቀሰች፤ እኔ ከጎረቤቶች ጋር ከኋላ። በእንባዋ እንኳ ቀናሁባት።

ዘፈኑ ቀጠለ። አሁን ሁሉም ቁልፍ የሚሠራ ደህና ኦርጋን ሳይኖራት አይቀርም፤ እጇ ግን ዛሬም ይዘላል። «ይቺን አዘላለል ከየት አመጣቻት በናታችሁ!» አለ ሾፌሩ። አጠገቤ ዶሮ በዘንቢል ይዘው የተቀመጡ ሴትዮ ጉልበቴን አዩ። ጣቶቼ እርጥብ ቀሚሴ ላይ ይሄዳሉ፤ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ዘለሉ፣ ከምስራቅ እኩል።

«ታውቂያቸዋለሽ እንዴ ልጄ?»

«ኦርጋኗን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ሴትዮዋ ሳቁ። «አይ ልጄ፣ እንዲህ እየተጫወተች ምኗ ተቃጠለ?»

ዘፈኑ ሲያልቅ ሾፌሩን «ድገመው» አልኩት።