ፋንቱና ትርፉ ቤንዚን

ፋንቱ የመኪናዋ ነዳጅ ከግማሽ ሲወርድ ዕረፍት የላትም። ተሳፋሪ ጭና እንኳ ዓይኗ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ነዳጅ ቀስቱ ይሄዳል። ናይሮቢ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ ኢምባካሲ ሰፈር ያሉ ነዳጅ ቀጂዎች ያውቋታል። ቱቦው ጠቅ ብሎ ሲቆም፣ "ትንሽ ጨምርበት" ትላለች።

"ማማ፣ አርባ ሁለት ሊትር ነው የሚይዘው። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ መተንፈሻ ቦታ ያስፈልገዋል።"

"ግድ የለም፣ ጃዛ! ሙላው!"

ይህ ጭንቀት ከየት እንደመጣ ባሏ ዘካርያስ ያውቃል። ልጅ ሳለች፣ ቤተሰቧ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ሲሰደድ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና በረሃ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ። አባቷ ጀሪካን ይዞ በእግሩ ሄደ። እናቷ ሌሎቹን ልጆች በመኪናው ጥላ ሥር ሰብስባ መዝሙር ስታዘምር፣ ፋንቱ ግን ቆማ መንገዱን ስታይ ዋለች። አባቷ በማግስቱ ተመለሰ። ያ ቀን ግን ከሆዷ አልወጣም።

በአንድ የነዳጅ እጥረት ሰሞን፣ ማደያዎቹ ፊት ሰልፉ ሲረዝም፣ ፋንቱ ተሰልፋ እስከ አፍ ገደፉ አስሞላች። አልበቃትም። የምግብ ዘይት የነበረበት አሥር ሊትር ጀሪካን ብታቀርብ፣ "በዚህ አንቀዳም" ብለው መለሷት። ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ አስቀዳችና፣ ለማንም ሳትናገር የወጥ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከባልዲዎቹ ጀርባ ሸጎጠችው።

በማግስቱ ፀሐይ በረንዳውን መታው። ልጇ ርብቃ ሻይ ልትጥድ ክብሪት አንሥታ፣ "ማሚ፣ ይሄ ስሜል ምንድነው? ጋዙ ሊክ ያደርጋል እንዴ?" አለች።

ፋንቱ ከሳሎን ዘላ ገባች። "እንዳትጭሪ! ርብቃ፣ እንዳትጭሪ!"

ክብሪቱን ከእጇ ነጠቀቻት። ጀሪካኑ በሙቀት ተነፍቶ ከክዳኑ ሥር ይንጠባጠባል። ዘካርያስ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። አልተቆጣም። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋ፣ መስኮቶቹን ከፈተ፣ "መብራትም አትንኩ" አለ። ከዚያ ጀሪካኑን ቀና አድርጎ ይዞ ደረጃውን ወረደ።

"መኪናው ውስጥ እንገልብጠው" አለች ፋንቱ ከኋላው።

"የት ሊገባ? ትናንት አስሞልተሽው የለ?"

ቢሆንም ሞከሩ፤ ቤንዚኑ ወዲያው ተመልሶ ፈሰሰ። የፈሰሰውን አፈር አልብሰው፣ መኪናውን ሳያስነሡ ገፍተው አራቁት።

"እንግዲህ ንጂና ቦታ አስገኚለት" አላት። "እኔ እጠብቀዋለሁ።" ከሕንፃው ርቆ፣ ከግቢው ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ከጀሪካኑ ጋር ተቀመጠ።

ፋንቱ ነዳች። ቀስቱ እንዲወርድ የፈለገችው በዕድሜዋ ገና ያን ቀን ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ላብ አጠመቃት። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ስለቀነሱ ሰዉ በየስቴጁ፣ በየፌርማታው ቆሟል። አንዲት ነርስ ጊጊሪ አደረሰች፤ ከዚያ ሁለት አዛውንቶች ወደ ላቪንግተን ጫነች። ያለፈቻቸው ማደያዎች በር ላይ "ቤንዚን የለም" የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ዘካርያስ እዚያ ነገር አጠገብ እንደተቀመጠ ሲታወሳት ጥግ ይዛ ቆመችና ደወለች።

"ደህና ነህ? ራቅ ብለህ ተቀመጥ እሺ?"

"ርቄያለሁ። ዘበኛውንም ሲጋራውን ይዞ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። ቀስቱስ?"

"ከሩብ በላይ ጎድሏል።"

"ይበቃል። ነይ በቃ።"

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ስልኮቻቸውን ለርብቃ ሰጡ። ዘካርያስ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ቤንዚኑን ወደ መኪናው ቀስ እያለ አንቆረቆረ፤ አንድ ጠብታ መሬት አልነካም።

ቤት ሲገቡ ፋንቱ ልጇን ያዘቻት። "ያን ክብሪት ብትጭሪው ኖሮ…" አለቻት።

"ማሚ፣ ኦኬ ነኝ። ግን ፕሊዝ፣ ሁለተኛ አይሆንም።"

"ሁለተኛ አይሆንም፣ ልጄ።"

ቃሏን ጠብቃለች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቷ ቤንዚን አልገባም። ያን ዕለት ግን አልተቀመጠችም። በረንዳውን በሳሙና አጠበች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ እንደገና አጠበች።