የሳዶቅ ቤት እንቁጣጣሽ

ራኬብን መጀመሪያ የገረማት በሩ አጠገብ ያለው ሰፌድ ነው። ላዩ ላይ አንድ ስልክ ብቻውን ተቀምጧል።

«ስልክሽን እዚያ ጣይው» አላት ሳዶቅ። «እዚህ ቤት ፎቶ ማንሳት የለም። እዚህ የተነሳ ፎቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ቪዛ አይጠይቅም።»

ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ባለው የሳዶቅ ቤት፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶችና ሴት የሚወዱ ሴቶች በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይሰበሰባሉ፤ ለአንድ ቀን ማንም አይደበቅም። ጥሪው በስልክ የሚላክ የቢጫ አበባ ሥዕል ነው፤ ቀንም ቃልም የለበትም። ራኬብ ለንደን ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ አበባው ሲደርሳት የመጀመሪያዋ ነው። እንቁጣጣሽ ለእሷ ሴፕቴምበር አስራ አንድ ነው፤ መጣች።

«ሌሎቹስ፣ ጋሼ?»

«ጋሼ ብለሽ ሽማግሌ አታድርጊኝ! ይመጣሉ። ሐበሻ በሰዓቱ ከመጣ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።»

ተሳሳቁ። ዶሮ ወጡ እስከ ድስቱ አፍ ደርሷል፣ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሳዶቅ ሂትሮው አየር ማረፊያ ያጸዳል። ድሮ በአማርኛ ቸርች ኳየር ውስጥ ይዘምር ነበር፣ ወሬው እስኪወጣ ድረስ። ልጅ ሳለ ከሰፈሩ ሴቶች ልጆች ጋር አበባ ይዞ በየደጁ ሲጨፍር እናቱ ጆሮውን ጎትተው ወደ ቤት አስገብተውታል።

«እዚህ ግን አበባውን የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው» ሲላት የራኬብ ፊት በራ። ወንዶች፣ አበባ ይዘው፣ በለንደን! ለማየት ቸኮለች።

ማንም አልመጣም። ፀሐይ ከመስኮቱ ስትወርድ ሳዶቅ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ፎቶ ዞረ። ዳኛቸው ነው፤ አብሮት የኖረውና ባለፈው የብርድ ወራት የሞተው።

«ለካ የሚመጡት ለእሱ ነበር» አለ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን አውሺኝ። እናቴ የእኔን ቁጥር ካየች አታነሳም።»

እናቱ አነሱ። ባሕር ማዶ ሲያወሩ ይጮኻሉና ራኬብ ሁሉንም ሰማች።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ።»

 «ሳዶቅ? በዓሉ እኮ ነገ ነው። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት። ይህን ያህል ጠፋህ?» አሉ።

ራኬብ አፏን ያዘች። በየአራት ዓመቱ አንድ ሙሉ ቀን እንደሚጨመር አታውቅም ነበር፤ ሁለቱ ማንም በሌለበት ቀን ውስጥ ቁጭ ብለው ኖሯል! ሳዶቅ ዕንባው እየመጣ ሳቀ።

«ለዚህ ነዋ ያልመጡት! ነገ ቤቴ ይሞላል፣ እማ። እደውልልሻለሁ።»

«ነገ አትደውል። ነገ ቤት ሰው አለ።» ግን አልዘጉም። «በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

ድስቱ አልተነካም። መስመሩ ተቋረጠ።

«ቀን የሚቆጥርልን ዳኛቸው ነበር» አለ ስልኩን እየመለሰላት። «ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ፣ ጋ... ሳዶቅ።»

እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት። ለነገ ትኩስ አበባ እገዛለሁ ብሎ ተሰናበታትና በመንገዱ ቁልቁል ሄደ። ራኬብ ከኋላው አየችው፤ ጎንበስ ብሎ፣ አሁን የተጎተተ ይመስል በአንድ እጁ ጆሮውን እያሻሸ፣ ሰዉ መሃል ገባ።