የእንሰት ልጣጭ የሚቆርጥ ማሽን ፍለጋ፦ ከቡሌ ዲላ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቡሌ

ጉሙ ገና ከቀርከሃው ላይ አልተነሣም። ገበያው ዳር የቆመው የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይጭናል። እኔ የያዝኩት አንድ ዘንቢል ብቻ ነው። ውስጡ ነጠላዬ፣ ለመንገድ የሚሆን ቆጮ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ የእንሰት ልጣጭም አለበት።

ልጣጩ ሥራችን ነው። ከግንዱ ገሽልጠን እናደርቀዋለን፣ በአበባ ቅርጽ እየቆረጥን ወፍራም ወረቀት ላይ እንለጥፈዋለን። የሠርግ መጥሪያና የገና ካርድ ይወጣዋል። አራት ሴቶች ነን። እስከ ዛሬ የምንቆርጠው በመቀስ ስለሆነ ጥቂት አበባ ሳልጨርስ ጀንበሯ ትዘቀዝቅብኛለች። ስለዚህ በእጅ የሚዞር የቅርጽ መቁረጫ ማሽን ለመግዛት ሁለት ዓመት ዕቁብ ጣልን። ዲላ የጽሕፈት መሣሪያ የሚነግዱት ጋሽ ከድር ሁለት ዓይነት ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ "መጥታችሁ አንዱን ምረጡ፤ የቀረውን ቅዳሜ እመልሰዋለሁ" ብለው ላኩብን።

እንድመርጥ የተላክሁት እኔ ነኝ። ታላቃችን እትዬ ማርታ "የምትቆርጪው አንቺ ነሽ፤ እጅሽ ያውቃል" አሉኝ። መኪናው ሲነሣ ደግሞ ከኋላ እየተከተሉ ጮኹ፤ "ምሕረት! ዝም ብለሽ እንዳትመጪ! ጠይቂ!" ሰው ፊት አፌ እንደማይከፈት ያውቃሉ። የማይሆነውን ይዤ ብመለስ ሌላ የምንገዛበት የለንም።

ሁለት ሰዓት፣ ቁልቁለቱ ላይ

ሾፌሩ ታሪኩ ጋቢና አስቀመጠኝ። ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አቅፌ ስቀመጥ ዓይኑን ጋዜጣው ላይ ጣለ።

"ምንድነው እንዲህ የምትሳሺለት?"

"ልጣጭ ነው።"

"የምን?"

"የእንሰት።"

"ዲላ እንሰት የለም ብለውሽ ነው?" ሣቀ። "በይ እንዳይጨማደድ እዚህ አስተኚው።" ተቀብሎኝ ከፊት መስታወቱ ሥር ዘረጋው። እምቢ ማለት ከበደኝ።

መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይጠመዘዛል። ጉሙን ከላይ ትተነው ስንወርድ ተራራው ሁሉ ተገለጠ። ከላይ ዋንዛ፣ ከዋንዛው ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር የጎደሬ ቅጠል። አንዱ በአንዱ ጥላ ተጠልሎ እስከ ሸለቆው ድረስ ይወርዳል። ባዶ መሬት ፈልጌ አጣሁ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ አገሬን እንዲህ በአንድ እይታ አይቼው አላውቅም ነበር። ታሪኩ ያወራል፣ እኔ አልሰማውም።

ድልድዩ ጋ ቆሞ ሙዝ ገዛና ግማሹን ሰጠኝ። "ብዪ እንጂ። የእንሰት ዘመድ ናት፣ አታፍሪያት።"

አራት ሰዓት ተኩል፣ ዲላ

ልጣጩን መልሼ በጋዜጣው ጠቅልዬ ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ እንደ እሳት ፊቴን መታኝ። ባጃጅ በግራ፣ ባጃጅ በቀኝ። ደብተር የያዙ ተማሪዎች በሦስት በአራት ሆነው ጮክ ብለው እየሣቁ ያልፋሉ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ።

ጋሽ ከድር ሁለቱን ማሽኖች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። አንደኛው ነጭና ትንሽ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል። ሁለተኛው ጥቁር ብረት ነው፤ ሁለት ድቡልቡል ብረቶች አፍ ለአፍ ገጥመዋል፣ እጀታው ክንዴን ያህላል፣ አናቱ ላይ ብሎን አለው።

ጋሽ ከድር የአበባ ቅርጽ ያለው ስለታም ብረት ወረቀት ላይ አስቀመጡ፣ በሁለት ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች መሐል አድርገው ለነጩ አጎረሱት። እጀታውን አዞሩ። ቀጭ ቀጭ አለ። በወዲያኛው በኩል አበባ ወጣ፤ አምስቱም ቅጠሎቿ እኩል ናቸው። እኔ በመቀስ አንድ ቀን እንኳ እኩል አድርጌያቸው አላውቅም። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"ይህንን ውሰጂ የኔ ልጅ፤ ቀላል ነው። ያን ብረት ቡሌ ድረስ ማን ይሸከምልሻል?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ማሸግ ሲጀምሩ ጋዜጣውን ከዘንቢሌ አወጣሁ። "ጋሼ... በልጣጭ ልሞክረው?"

"ምን አልሽ?"

"በልጣጭ።"

ጋዜጣውን ፈታሁላቸው። "አጃኢብ!" አሉ፤ "እስቲ እንሞክረዋ።"

ነጩ ልጣጩን አደቀቀው። ጥቁሩም አደቀቀው። ጋሽ ከድር ፍርፋሪውን በእጃቸው ጠረጉ። "ምን ላድርግ እንግዲህ? ለወረቀት የተሠራ ነው።"

ሁለት ዓመት የጠበቅነው ነገር ባንኮኒው ላይ ሲበተን አየሁ። ከተረፉት ልጣጮች አንዱን ሳነሣው እንደ ደረቅ ቂጣ እጄ ላይ ተሰበረ። ቡሌ እኮ እንዲህ አይደለም! ደረቅ የምንለው ልጣጭ ከጉሙ እርጥበት ስለሚጠጣ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ከመስታወቱ ሥር ፀሐይዋና የሞተሩ ሙቀት እርጥበቱን ጨርሰውታል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ ውኃ አለ?"

ተጣድፈው አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አመጡ። "ጠጪ፣ ጠጪ። የደጋ ሰው እዚህ ይደክማል።"

ጣቴን ነክሬ የቀሩትን ልጣጮች አርከፈከፍኳቸውና በነጠላዬ ጠቀለልኳቸው። ጋሽ ከድር ወደ ጎረቤት ሱቅ ተጣሩ፤ "ኑ እዩ! ቅጠል ውኃ ጠማው!"

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈታኋቸው። ለስልሰዋል። ነጩ መሐል ላይ ሲደርስ ታነቀ፤ ልጣጩ አንድ ቦታ ስስ፣ አንድ ቦታ ወፍራም ስለሆነ ፕላስቲኩ ጎበጠ፣ አበባዋም ታትማ ሳትቆረጥ ቀረች። ጥቁሩም አልዞር አለ።

"ጋሼ፣ ያ ብሎን ለምንድነው?"

"እኔም ነክቼው አላውቅም።"

ትንሽ አላላሁት። የብረቶቹ ክፍተት ሰፋ። ሁለት እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ገፋሁ። ዞረ።

የወጣችው አበባ ቡናማ ናት፤ በየቅጠሏ ላይ የእንሰቱ ጭረት እንደ ደም ሥር ወርዷል። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው አስጠጓት። "ሱብሐነላህ" አሉ ቀስ ብለው።

"ጥቁሩን" አልኩ። ድምፄ ለራሴ ተሰማኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ቡሌ

ታሪኩ ማሽኑን ሲጭን "ወፍጮ ገዛሽ እንዴ?" ብሎኝ ነበር። "አዎ፣ አበባ የሚፈጭ" አልኩት። ዳገቱን እስክንጨርስ ሣቀ።

ሴቶቹ እትዬ ማርታ ቤት ተሰብስበው ጠበቁን። ክብደቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። አንድ ልጣጭ አጉርሼ አዞርኩላቸው። እትዬ ማርታ አበባዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። "ዞር በይ" አሉኝ፤ ራሳቸው አዞሩ። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች፣ ከዚያ ሌላዋ። "የኔ ተራ ነው!" "አሁን አይደል ያዞርሽው?" ማንም ካርድ ትዝ አላለውም። ለገና ያጠራቀምነውን ልጣጭ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ፣ አበባ አደረግነው። ወለሉ አይታይም።

"አሁንስ ምን እንቁረጥ?" አሉ እትዬ ማርታ፣ እጀታውን እንደያዙ።

ዓርብ በማለዳ አራታችንም ቢላዋ ይዘን ልጣጭ ልንገሸልጥ ጓሮ ወረድን።