ዓይኑን ያልሸፈነው የመስመር ዳኛ

ልብስ ሰፊው ወደ ቴኒስ የገባው በሱሪ በኩል ነው። የከተማው የቴኒስ ክበብ ለመስመር ዳኞቹ አንድ ዓይነት ሱሪ ሊያሰፋ ሲፈልግ ሥራው ለእሱ ደረሰው፤ ልክ ሊወስድ ሄዶ ሜዳው ዳር ቆሞ ቀረ። ኳሷ መስመሩን ነክታለች አልነካችም እየተባለ ሲከራከሩ እሱ በልቡ ይፈርድ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሲያሰምር የኖረ ሰው፣ ቀጥ ያለ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ከዳኞቹ አለቃ ጋር ወሬ ጀመሩ፤ ወሬው ሥልጠና ሆነ፣ ሥልጠናው ፈተና ሆነ፣ በመጨረሻም የሰፋውን ሱሪ ራሱ ለበሰው።

አለቃዋ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ከትምህርቷ ሁሉ አንዱን ሳትደግም የዋለችበት ቀን የለም፤ ተጫዋች ፊትህ ተደንቅሮ ኳሷ ካመለጠችህ ሁለት እጅህን አንስተህ ዓይንህን ሸፍን ትላለች። ያኔ ከፍ ካለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ዋና ዳኛ ይህ ሰው አላየም ማለት ነው ብሎ ፍርዱን ራሱ ይሰጣል። ምልክቱ ይኸው ነው፤ አላየሁም ማለት እንኳ አያስፈልግም።

ከዓለም ዙሪያ ስመ ጥር ተጫዋቾች የሚመጡበት ትልቁ ውድድር በየዓመቱ በዚያው ከተማ ይካሄዳል። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ሱቁን ዘግቶ በሩ ላይ «ለቴኒስ ውድድር ሄጃለሁ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። አንድ አዲስ ደንበኛ ተወዳዳሪው እሱ ራሱ መስሎት፣ በዚያ ቦርጭ እንዴት እንደሚሮጥ ጎረቤት ሲጠይቅ ውሏል አሉ። በዋናው ሜዳ ካሜራ ቢረዳም መስመሩ ላይ የሚቆመው አሁንም ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊው ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ ከጎን ሜዳዎች አልፎ አያውቅም። የፍጻሜው ቀን ዋናው ሜዳ ላይ መቆም ምኞቱ ነበር፤ ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

ዘንድሮ ውድድሩ በተጀመረ ዕለት አንድ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ተጫዋች ፊቱ ተገተረበትና ኳሷ አመለጠችው። ሳያመነታ እጆቹን አንስቶ ዓይኑን ሸፈነ። ዋና ዳኛው ፈረደ፣ ጨዋታው ቀጠለ። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ ያን የተሸፈነ ፊት አቅርቦ አሳየው።

ማታ ቤቱ ሲገባ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ሶፋው ላይ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጠበቀውና «ኩኩሉ!» አለ።

የቤቱ ልጆች በአንድ ድምፅ «አልነጋም!» ብለው መለሱ።

ሚስቱ ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አልሆነላትም። እሱም አብሮ ሳቀ። ሾፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋታ ሲይዝ ግን ፍሬን የለውም። በማግስቱ ወሬውን በአውቶቡሱ ጭኖ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰው። ዳቦ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየው ዓይኑን ይሸፍንለት ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊ በጨለማ መርፌ ይሰካል እንጂ ዳኛ በጨለማ ይፈርዳል ሲባል አልሰማሁም ብሎ ቀለደ። ልብስ ሰፊው ምልክቱ ምን እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማስረዳቱ ባሰበት። በተናገረ ቁጥር ይስቃሉ፣ በሳቁ ቁጥር ይሞቀዋል። ሲብስበት ማስረዳቱን ተወ፤ ነገሩ ግን ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ አንዲት ተጫዋች ልጅ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ በትልቅ ውድድር ስትጫወት ገና የመጀመሪያዋ ነው። ከእሷ ፊት የቆመችው ተጋጣሚ የበሰለች ናት። ልብስ ሰፊው የዚያን ቀን ዳኛን የሚረዳ ካሜራ በሌለበት ሜዳ የጎኑን መስመር ይጠብቃል፤ ሾፌሩም እሱ ባገኘለት ትኬት ገብቶ ከፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል። ጨዋታው ተካሮ ተካሮ፣ ልጅቷ አንድ ነጥብ ከጣለች የምትሸነፍበት ላይ ደረሰ። ኳሷን ባላት አቅም ሁሉ መስመሩን ተከትላ መታቻት። ኳሷ ስትወርድ ተጋጣሚዋ ዘልላ ልብስ ሰፊው ፊት ገባች። ከጀርባዋ በቀር ያየው ነገር የለም።

እጆቹ መነሳት ጀመሩ። ደረቱ ጋ ሲደርሱ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ታየው፣ የሾፌሩ ጥርስ ታየው፣ ዳቦ ሻጩ ታየው። ተጋጣሚዋ ኳሷን ሳትመታ መተዋ ደግሞ ወጥታለች ማለት መሰለው። ቀኝ እጁ እንደመጣለት ወደ ጎን ተዘረጋና «አውት!» ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው።

ልጅቷ ነጥቡ የእኔ ነው ብላ ራኬቷን ከፍ አድርጋ ነበር፤ እንደያዘችው ቀረች። ወደ ዋና ዳኛው ሄዳ የሆነ ነገር ተናገረች። ዋና ዳኛው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ «አይተሃታል?» ብሎ ጠየቀው።

አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጨዋታው አለቀ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በፊቱ ስታልፍ ተቆጥታ ብታየው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን እንደሚታመን ሰው አየችውና አለፈች።

ሲወጡ ሾፌሩ አንገቱን አቅፎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ኮራሁብህ። እንዲህ ነው እንጂ፣ ዓይን ገልጦ!» አለው። ልብስ ሰፊው ቤት ገብቶ ራት ሲቀርብለት አሞኛል ብሎ ተኛ። ሚስቱ ግንባሩን ዳበሰችና፣ ትኩሳት የለህም፣ ደግሞ ምን ሆንክ አለችው። ምንም አልሆንኩም አላት።

ውድድሩ ሊያልቅ ሲል አለቃዋ አስጠራችው። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ ግማሹን የዳኞቹ ጃኬት የተሰቀለበት ብረት ይዞታል። የፍጻሜው ቀን ዋናው ሜዳ ላይ እንደምትቆም ልነግርህ ነው አለችው። የተመኘው ነገር እጁ ሲገባ የተሰቀሉትን ጃኬቶች ማየት ያዘ። የተደሰተ መሰላትና ቀጠለች።

«ለምን እንደመረጥኩህ ታውቃለህ? ለመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በካሜራ፣ አላየሁም ያልከው አንተ ብቻ ነህ። ሌሎቹ ይገምታሉ። እንደሚገምቱ አውቃለሁ፤ ማስረጃ የለኝም እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ወለሉን አየ። የጫማዋን ጫፍ፣ የወንበሩን እግር፣ ሁሉን አየ፤ ፊቷን ግን ማየት አቃተው። ፊቱ ሲቃጠል ይሰማዋል።

«የዚያችን ልጅ ኳስ አላየኋትም» አለ።

አለቃዋ ወዲያው አልገባትም። ከገባት በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስትጠይቀው ነው ዋናው ጭንቅ የመጣው። ጥፋቱን መናገር ችሎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ከአፉ አልወጣ አለ። አንዲት ልጅ ከስንት አገር አቋርጣ መጥታ የተሸነፈችው የሰፈር ሰው ኩኩሉ እያለ ስለሳቀብኝ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «ሰው ይስቅብኛል ብዬ» አላት። እሷ አልሳቀችም። ውጤቱ እንደማይቀየር፣ ልጅቷም ወደ አገሯ እንደሄደች ነገረችው። እውነቱ ለልጅቷ ይነገርልኝ ሲላት እነግርልሃለሁ አለች። ጃኬቱን አውልቆ ብረቱ ላይ ሰቀለና ወጣ።

ቤት ግን መመረጡን እንጂ መተዉን አልተናገረም። የፍጻሜው ቀን ሾፌሩ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጦ ነበር። ዳቦ ሻጩ ሳይቀር መጥቷል። ሜዳ የሄደ የመሰላቸው ልብስ ሰፊ ራሱ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሁሉም ዞሮ አየው። ሚስቱ ለዋናው ሜዳ የተኮሰችለት ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጨማዷል፤ እስካሁን ለብሶት ተኝቶበታል።

«አንተ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለች።

ቆሞ ነገራቸው። አሳጥሮ ነው የነገራቸው፤ ያቺን ኳስ አላየኋትም፣ አይቻለሁ አልኩ፣ አሁን ዳኝነቱን ተውኩት። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ጀምሮ የእህቱን ፊት ሲያይ ተወው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«ጋሼ፣ ውጪም ሊሆን ይችላል እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ያውቃል?»

«ሊሆን ይችላል» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ አላውቅም። ክፋቱ ይኸው ነው።»

ዳቦ ሻጩ ሥራ እንዳለው አስታውሶ ተነሳ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ሲወጡ ማንም ፊቱን ቀና ብሎ አላየውም፣ እሱም ቀና አላለላቸው። ሾፌሩ ግን አልሄደም። ከሶፋው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፤ ልብስ ሰፊው ግን ቆሞ ቀረ።