አስካለ ስንት ጊዜ ትሞታለች?

ባለፈው ጥቅምት ከደብረ ብርሃን አንኮበር ወዳለችው ጎረቤላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ድራማ ያዳምጣሉ። ድምፁ "ልጄን መልሱልኝ!" እያለ ያለቅሳል። ድምፁ የኔ ነው። ያንን ቃል ግን በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም፤ ልጅም የለኝም።

"ስንተኛው ነው?" አለቻቸው አጠገባቸው ያለች ሴት።

"ምዕራፍ አምስት። አሁን እንኳ ድምፅዋን አስመስሎ የሚናገረው ኮምፒዩተር ነው አሉ። ግን ቁርጥ እሷን፣ እንደ መጀመሪያው።"

ከያዙት የገብስ ቆሎ ወደ ኋላ ዘግነው ሰጡኝ። ተቀበልኩ፤ መቆርጠም ግን አልቻልኩም። ከመስኮቱ ውጪ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ መንገዱን ይሸፍናል፤ እኔ ደግሞ በንዴት መዳፌ ውስጥ ያለውን ቆሎ አላበዋለሁ።

ነገሩ ሰባት ዓመት ሆነው። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አክስቴ ዘነቡ ሞተች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከአንኮበር ለትምህርት ስመጣ ያኖረችኝ እሷ ነበረች። የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች በመሸጥ ትተዳደር ነበር። በኅዳር ውርጭ ጠዋት የቧንቧው ውኃ በረዶ ሠርቶ አልወርድ ሲል፣ ፀሐይ የምታገኘው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች "ብርድ እንግዳ ነው፤ ካልሳቁለት ይሄዳል" ትላለች። ይህን አባባል ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም። የሞተች ቀን ቅርጫቷ ውስጥ ገና ያልተፈተለ ጠጉር ነበር።

እኔ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ከማለት እጄን ባወጣ ይቀለኛል። ስለዚህ ሐዘኔን ጻፍኩት። ስሟን አስካለ ብዬ ለውጬ አምስት ክፍል ያለው የድምፅ ድራማ ሠራሁ። በአምስተኛው ክፍል አስካለ ትሞታለች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር "የቀረውን ጠጉር ማንም አልፈተለውም" ይላል። እሱን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ብሩክ የሚባል የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ነበረው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ሁሉ በባና ሸፍኖታል። እዚያ ገብቼ፣ መብራቱን አስጠፍቼ፣ የአክስቴን ሽታ በሚሸት ሱፍ ተከብቤ አስካለን ራሴ ሆኜ አነበብኳት። ማንም ስላላየኝ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

"ደራሲዋ ማን ትባል?" አለኝ ሲጨርስ።

"ስሜ አይግባ።"

"ለምን?"

"አፍራለሁ።"

"እንዳልሽ። ስምሽን ከኔ በላይ የሚደብቅልሽ አታገኚም" ብሎ ሳቀ።

የኔ ስልክ ያኔ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ነበረች፤ ስለዚህ ድራማው የሚለቀቅበት ገጽ ሲከፈት የማረጋገጫ ቁጥሩ በሱ ስልክ ገባ። ሁለቱንም ጥፋት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ድራማው ተወደደ። በአምስተኛው ክፍል ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ አየሁና ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ አብሬ አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቶ የአክስቴ አባባል ባጃጆች ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ካናቴራ ላይ ታተመ። እሱንም ቻልኩት።

የአክስቴ ሙት ዓመት ዕለት ግን፣ ጸሎቱ አልቆ እንግዳው ዳቦና ጠላ እየቀረበለት ሳለ፣ ከጓዳ ወጥ የሚያወጡት ሴቶች ስልክ ላይ ክፍል ስድስት ተከፈተ። አስካለ አልሞተችም። ለካ የተቀበረችው መንትያ እህቷ ናት፤ አስካለ አረብ አገር ቆይታ ወርቅ በወርቅ ሆና ተመለሰች። የማላውቃት ሴት ድምፅ "ብርድ እንግዳ ነው!" አለ፤ ከኋላው የተቀዳ ሳቅ ተለቀቀ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ድራማ አይሰሙም። ያን ቀን ግን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ይህ የዘነቡ ቃል አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ አባባ።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"እስከ አምስተኛው እኔ ነኝ።"

"ስምሽ የታለ?"

አንገቴን ደፋሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስቱዲዮው ሄድኩ። "አስካለ ሞታለች" አልኩት ብሩክን።

"ሰላም ይቅደም እንጂ። ሻይ ልዘዝልሽ?"

"ሞታለች፣ ብሩክ።"

"የኔ እህት፣ አድማጭ ያላት ሴት አትሞትም። ገና አሥራ ሁለት ክፍል አስጽፌያለሁ፣ ከዚያ ምዕራፍ ሁለት ይቀጥላል። የልጅነቷ ታሪክም ለብቻው ይወጣል።"

"የአክስቴ ታሪክ ነው።"

"የት ላይ ተጽፏል? ስሜ አይግባ ያልሽኝ አንቺ። እኔ ቃልሽን አከበርኩ።" ከዚያ አዘነልኝ መሰል፣ "ካኮረፍሽ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነርስ ሆነሽ ግቢ። ብዙ አትናገርም" አለኝ።

ወጥቼ ሄድኩ። ሌባ ነህ ማለት የቻልኩት ዶርም ደርሼ ትራሴን ነው።

ቀጥሎ የድራማው ገጽ ላለበት ድርጅት ላመለክት ሞከርኩ። ገጹን ልከፍት ስል የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ብሩክ ስልክ ይልካል፤ ሌባው ቁልፉን እንዲያቀብለኝ ማለት ነው። ማመልከቻ መሙያው አማርኛዬን ወደ ባዶ ሣጥኖች ቀየረው። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የደብተሬን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው፣ ኔትወርኩ መጨረሻው ላይ እየተቋረጠ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መልሱ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ፦ ባለቤት መሆንዎን ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። አንድም ሰው እንዳላነበበው አውቃለሁ። ሰው ቢሆን ሊሰድበኝ ይችል ነበር፤ ስድቡን እመርጥ ነበር።

በዕረፍት አንኮበር ስሄድ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ወስደው አንድ አሮጌ የብራና ዳዊት አወጡ። የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡልኝ። ጸሐፊው ስሙን ከመጻፉ በፊት "ኃጢአተኛው" ብሏል።

"አየሽ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ እንጂ አልተሰወረም። አንቺ ትሕትናና መደበቅ ተምታቶብሻል" አሉኝ። ከዚያ ከበታቹ ያለውን፣ መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም በጣቴ አስነኩኝ። ቦታው ሻካራ ነው። አንዱ የቀደመውን ስም ፍቆ የራሱን ጽፎበታል። ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ሲያዘነብሉት የተፋቀው ስም ከሥር ታየ።

"ብራና ቂመኛ ነው" አሉ አባቴ።

ስልክ ቂም የለውም። በአስካለ ገጽ ላይ የቱንም ያህል ጣቴን ባሻሽ ልሙጥ ነው። አሁንማ ሁሉ ነገር እንዲህ ሆኗል። ፊልም ሲያልቅ ተመልካቹ ከወንበሩ አይነሣም፤ የሠሩት ሰዎች ስም ሲያልፍ ስልኩን እየጎረጎረ፣ ስለሚቀጥለው ፊልም የምታስጎመጅ ቁራጭ ይጠብቃል። ሞቶ የሚቀር ሰው የለም። ሞቶ የማይቀር ሰው ደግሞ አይለቀስለትም። ይሸጣል እንጂ።

ሚኒባሱ ጎረቤላ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው "ወራጅ አለ" አልኩ።

እኚያ እናት ዞሩ። "እስቲ ድገሚው። ልጄ፣ ድምፅሽ አስካለን አይመስልም?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ብዬ እወርድ ነበር። "የኔ ድምፅ ነው" አልኩ። "የጻፍኳትም እኔ ነኝ። ጽጌ እባላለሁ። አስካለ አክስቴ ናት፤ ሞታለች።" ከጠበቅኩት በላይ ጮክ ብዬ ኖሮ ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

እናትየዋ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከልባቸው አዝነዋል።

"አይዞሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ትነሣለች። ባለፈውም ሞተች ብለው አስለቅሰውን ነበር።"

ወርጄ ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ቆምኩ፤ ቆሎው አሁንም መዳፌ ውስጥ ነበር። በሴትዮዋ አልተናደድኩም፤ እሳቸውንም ማልቀስ የነጠቃቸው አስካለን እንዳትሞት ያደረጋት ሰው ነው። የተናደድኩት በብሩክ ነው፣ ሳያነብ በመለሰልኝ ማሽን ነው፣ ደግሞ መብራት አስጠፍታ ስሜን በደበቀችው ልጅ። ንዴቱ እስካሁን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ይህንን የጻፍኩት በወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ ነው። የጻፍኩት እኔ፣ ኃጢአተኛይቱ ጽጌ ነኝ። አክስቴ ዘነቡ የሞተችው አንድ ጊዜ ነው። የቀረውን ጠጉር ማንም አልፈተለውም።