ጳጉሜን ያስተካከለው ሰው

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ባልደረባችን ቤዛ የላከችው የቢሮ ኮድ በግል አካውንቷ ስም ደረሰን። የቢሮውንም የራሷንም ሥራ የምትሠራው በአንድ ላፕቶፕ ነው። ለየብቻ ፎልደር ክፈቺና ለእያንዳንዱ የሚመዘገብበትን የላኪ ስም ለይተሽ ስጪው አልኳት።

«ስም ብቻ አይደል? በኋላ አስተካክለዋለሁ» አለችኝ። ሳልወድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ታሪኩ ትዝ አለኝ።

ትምህርት እንደጨረስን ለሁለታችን የነበረን አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሚገኝ አንድ ቢሮ ሁለታችንንም ለሙከራ ተቀበለን፤ የሚቀጥረው ግን አንዳችንን ነው። አብነት ሰፈር፣ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ባለችው የታሪኩ ክፍል እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት በኋላ እንሠራለን። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሥራ የሚመዘግበው በመጨረሻ በተጻፈለት ስም ስለሆነ፣ ታሪኩ ክዳኑ ላይ «መጀመሪያ ስም ቀይር!» የሚል ወረቀት ለጥፎ ነበር።

የምንሠራው የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ነው። ጳጉሜ ላይ የዋለ ቀጠሮ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። እኔ ሳምንት ሙሉ ታግዬ አቃተኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ታሪኩ ፈታው። መብራት ሳይሄድበት ብሎ፣ በአንድ እጁ የምስር ሳምቡሳ እንደያዘ፣ በሌላው ላከው። ስሙን አልቀየረም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ላይ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ሥራው በእኔ ስም ተመዘገበ።

በማግስቱ የቢሮው ኃላፊ ደወሉልኝ።

«የጳጉሜን ነገር ገላገልሽን እኮ! ጎበዝ!»

«አመሰግናለሁ» አልኳቸው። እኔ ነኝ አላልኩም፤ ያኔ ልዩነት ያለው መስሎኝ ነበር።

የተቀጠርኩት እኔ ሆንኩ። ታሪኩ መዝገቡን አይቶ ሳቀ።

«ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ።» ከዚያ፣ «አንቺ ግን ምነው አልነገርሻቸውም?» አለኝ።

ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ በደህና ሰላም ይለኛል፤ እኔ ነኝ ዓይኑን ማየት የማልችለው። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ኃላፊውም ጡረታ ወጡ።

ቤዛ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ የድሮውን ኮድ ከፈትኩት። አሁንም ይሠራል፤ ከጎኑም ስሜ አለ። ከበላዩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ጳጉሜን ያስተካከለው ታሪኩ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ከጎኑ ስሜን ጻፈበት። ይህን እንኳ የጻፍኩት እኔ ነኝ።