የአባቴን ሽሮ ይዘን ወደ ሞጣ

ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስነሳ በቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስና አንድ ፓኬት አጃ ነበር። አጃው ለአባቴ ነው። አባቴ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስኳር አለብዎት ከተባሉ ዓመት አልሞላቸውም። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታቸው እትዬ ዘውዴ ደውለው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ከስተዋል። ሱሪያቸውን ሁለት ጊዜ አጠበቡት። መጥተሽ እያቸው» ብለውኛል። የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን አባይ በረሃ ስንወርድ የአውቶቡሱ መስኮቶች ሁሉ ተከፈቱ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ወሬውም ጋብ አለ፤ ሁሉም የሞተሩን ድምፅ ነው የሚያዳምጠው። ደጀን ላይ ለምሳ ቆምን። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ በአንድ ትሪ ቀረበልኝ። ከዚህ ውስጥ አባቴን የሚጎዳቸው የትኛው ነው? አላውቅም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ለሰው መረጃ እየፈለግሁ ነው የምኖረው። በእጄ ስለጠቀለልኩት ጉርሻ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ከወራት በፊት ከኢንተርኔት ያገኘሁትን፣ ለስኳር ሕመምተኛ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ዝርዝር ወደ አማርኛ መልሼ፣ በትልልቅ ፊደል አትሜ ልኬላቸው ነበር። አብዛኛው የሌላ አገር ምግብ ነው።

ቢቸና

በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሳቅፋቸው የትከሻቸው አጥንት ጎረበጠኝ።

«አባባ፣ ምነው እንዲህ ሆኑ?»

«ደኅና ነኝ። ካልሽኝ አንድም አላጓደልኩም» አሉ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ኮራ ብለው። ዝርዝሩን ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።

እራት ላይ ለእኔ እንጀራ በሽሮ አቀረቡ፤ ለራሳቸው የተቀቀለ ጎመንና አንድ ኩባያ ወተት።

«ሽሮውስ?»

«እሱን ተዪው። ብስኩት እንኳ ጀርባው ላይ ምን ምን እንዳለበት ይጻፍበታል። ሽሮ ላይ ማን ጽፎበት ነው የማውቀው?»

አንዲት ባልደረባዬ ሞጣ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ዘሃራ የምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ ስልክ ሰጥታኝ ስለነበር፣ ወዲያው ደወልኩላት።

«የሚበሉትን ራሱን ይዛችሁልኝ ኑ» አለችኝ። «ጭልፋውንም ጭምር።»

ወደ ሞጣ

ማክሰኞ ማለዳ አባቴ የጤፍ ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ ክኩን፣ የገብስ ቆሎውን በየፌስታሉ ቋጠሩ። ከትናንቱ እንጀራም አንድ ጠቀለሉ። መድኃኒታቸውን ዋጡ፤ ወተት ፉት አሉ፤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሜዳው በስንዴና በጤፍ ተሸፍኗል። አባቴ በየመንደሩ ለየትኛው ሙሽራ ምን ልብስ እንደሰፉ እያወሩልኝ ነበር።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ወሬያቸው ተቋረጠ። ዞር ብዬ ሳይ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስጠራቸው የማይገባኝ ነገር መለሱልኝ።

«ሹፌር፣ አቁምልኝ! አባቴን አመማቸው!»

ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት ነጋዴ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። «ስኳር አለባቸው?»

«አዎ።»

«ወርዶባቸው ነው። እኔም አለብኝ፣ አውቀዋለሁ።» ከቦርሳዋ የታሸገ ጁስ አውጥታ ከፈተችላቸው። አባቴ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ጣፋጭ… ልጄ ከልክላኛለች።»

«አባባ፣ እኔው ነኝ የምልዎ። ይጠጡልኝ!»

ጠጡ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ጥቂት ቆይተው ቀና አሉና በመስኮቱ አሻግረው እያዩ፣ «ስንዴው እንዴት አምሯል» አሉ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ሴትዮዋ ዳቦ ቆርሳ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ያን ዳቦ ይዘው እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ያን ጊዜ በሉ።

ዘሃራ ዘንድ

ዘሃራ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቴ የአባቷን ስም ሲሰሙ፣ «የሱቃችሁን ቴትሮን ስንት ዓመት ሰፋሁት!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ ሆኑ። መንገድ ላይ የሆነውን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ወሰደችን። ሐኪሙ ስኳራቸውን ለካ፣ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰና፣ «ሳይበሉ እንዳይውጡት» አላቸው።

ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ፌስታሎቹን ደረደርን። ዘሃራ የአገራችን ምግቦች ይዘት የተዘረዘረበትን ወፍራም ጥራዝ ገለጠች። ጤፉም፣ ሽሮውም፣ ጎመኑም በየስማቸው አሉ። ለካ ተጽፎ ነበር! ልኩ ግን በግራም ነው። ዘሃራ በጭልፋችን ሽሮ እየሰፈረች በትንሽ ሚዛን መዘነች፤ ከእንጀራውም ቆርሳ መዘነች።

«እስካሁን በምን ይመሩ ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው አባቴ ዝርዝሩን ከኪሳቸው አወጡ። ከግድግዳው ነቅለው ይዘውት መጥተዋል። አንብባ አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አኖረች።

«‹እህል ይከልከል› ይላል። ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ። እንግሊዝኛው የሚለው የተፈተገ፣ ነጭ የሆነውን እህል ነው። ለማሳጠር ብዬ «የተፈተገ» የምትለዋን ቃል ትቻታለሁ።

«አባቴ፣ እርስዎ እህል ሲባል ምን ብለው ተረዱት?» አለች ዘሃራ።

«እህል እህል ነዋ። ጤፉም፣ ገብሱም፣ ሽምብራውም። አፍ የሚገባው ሁሉ።»

እንባዬ መጣ። አባቴ እጄን ያዙ። «ምን ያስለቅስሻል? ቢርበኝም ልጄ ለኔ ብላ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ባሰብኝ።

ዘሃራ ወረቀት ላይ ሰሃን ሳለች። ግማሹን ጎመን፣ ሩቡን ሽሮ ወይም ምስር፣ ሩቡን እንጀራ አደረገችው። «እንጀራው ያንሳል እንጂ አይቀርም። ጾም ሲመጣ ሐኪሙንም የነፍስ አባትዎንም ያማክሩ» አለቻቸው። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ «እኔም ረመዳን በመጣ ቁጥር፣ ስኳር እያለባት እጾማለሁ ከምትለው እናቴ ጋር እጣላለሁ» አለች።

መመለሻ

ከሞጣ ገበያ አንድ እስር ጎመን በሃያ ብር ገዝተን በዚያው ቀን ቢቸና ገባን። አባቴ እንጀራውን በስፌት ሜትር ለክተው ቆረጡ። ሽሮው ላይ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ዘውዴ ብቅ ብለው አይተው፣ «ተመስገን» ብለው ተመለሱ።

ረቡዕ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ስለ ሽሮ ብቻ አይደለም። እነዚህን ወራት ሁሉ ስደውልላቸው የምጠይቃቸው መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ነበር፤ ምን በሉ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። የጻፍኩት ሲነበብ ምን እንደሚሰማም አላሰብኩም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።

«አባባ፣ ዛሬ ምን በሉ?»

አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ቁርሱን፣ ምሳውን፣ በጭልፋ ስንት እንደሆነ ሳይቀር።

«አንቺስ? በላሽ?»

ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። በልቻለሁ ልላቸው አልቻልኩምና እውነቱን ነገርኳቸው።

«ስልኩን አትዝጊው» አሉኝ። «አቅርቢና ብዪ፤ እኔ እጠብቅሻለሁ።»